ፈየራ፣ የወደቀ ዕቃ ኃላፊ

ፈየራን አልወደውም። መጀመሪያ ይሄን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ "ዘርፈሽ ሰውዬውን አማችው" እንዳትሉኝ። አዎ፣ አማዋለሁ። ፊቱም ቆሜ እለዋለሁ።

ነቀምት መናኸሪያ ገብታችሁ "የማይጎነበሰው ሰውዬ የት ነው?" ብትሉ የማይጠቁማችሁ የለም። ከትኬት መቁረጫው ጀርባ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ በር አለ፣ እዚያ ነው። አውቶቡስ ላይ የተረሳ፣ ከጣሪያ የወደቀ፣ ከተሳፋሪ እጅ ያመለጠ ዕቃ ሁሉ እሱ ጋ ይገባል። መደርደሪያውን ብታዩ ትስቃላችሁ። ነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ጆንያ ዝንጅብል፣ አስር ጃንጥላ፣ አንድ ክራንች። ክራንች! ሰውዬው ያለ ክራንቹ በምን እግሩ ወረደ? ፈየራን ብትጠይቁት አይስቅም። "ባለቤቱ መጥቶ ይንገረን" ነው የሚለው። ሳቅ የሚባል ነገር ያ ሰውዬ አፍ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ በጎደለው ጥርስ በኩል እንኳ።

አለመጎንበሱ ደግሞ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ጫፏ ላይ የሽቦ መንጠቆ የታሰረባት ዱላ አለችው፣ መሬት የወደቀውን በሷ ነው የሚለቅመው። የጫማውን ክር ለማሰር እግሩን አግዳሚ ላይ ይሰቅላል። አንዴ እኔው ፊት እስክሪብቶው ወደቀበት። ቁልቁል አየው፣ እንደ ደመኛ አየው፣ ከኪሱ ሌላ አወጣና መጻፉን ቀጠለ።

ክፋቱን ልንገራችሁ። የገዛ እህቱ ከአርጆ ስትመጣ ነጠላዋን አውቶቡስ ላይ ረሳች። ነጠላው እዚያው መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ ለሷም ለሱም ይታያል።

"ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?" አላት።

"ፈየራ፣ እኔ ነኝ እኮ! እህትህ!"

"ኤዬ፣ አውቃለሁ። ጥለቱ ምን ዓይነት ነው?"

ደንግጣ "አረንጓዴ" አለች። ሰማያዊ ነበር። ሴትዮዋ ያለ ነጠላ አርጆ ተመለሰች። ከወር በኋላ ጥለቱን በትክክል የሚናገር ወረቀት ልካ ነው የወሰደችው። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ስለ ጥርሱ ነቀምት ውስጥ ሦስት ወሬ አለ። ሁለቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ግን የእውነት ነው ይባል ነበር። ዲጋ መስመር ላይ ረዳት በነበረ ጊዜ መናኸሪያው ውስጥ ጠብ ተነሳ፣ በጠቡ መሃል ስልኩ ወደቀ፣ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በጉልበታቸው አፉን መቱት። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ የለም። እኛ የምናውቀው ይሄን ነበር።

እንግዲህ ይሄ ሰውዬ በየእሁዱ ፀጉር ቤቴ መጥቶ የሚፈርድብኝ እንዴት ሆነ? በቦርሳ ነው። ከአዲስ አበባ በመጣ አውቶቡስ ላይ ጥቁር ቦርሳ ተረሳ። ፈየራ ስድስት ወር ሙሉ በድምፅ ማጉያ ጮኸ። ድምፁን ላሳያችሁ? አፍንጫችሁን ያዙና በሉ፦ "ጥቁር ቦርሳ የጠፋባችሁ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ ምልክቱን ተናግራችሁ ውሰዱ!" ከዚያ በኦሮምኛ ይደግማል፣ ያው አፍንጫ ነው። የመጣ የለም። ሲከፍተው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ፣ ሽፋኑ ላይ እሳት የሚተፋ እንሽላሊት ያለበት። ከመጽሐፉ ጋር ደግሞ ሃያ ፊት ያለው አንድ ዳይስ፣ በየፊቱ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈበት መወርወሪያ።

ፈየራ እንግሊዝኛው አይገፋለትም፣ ወደ ሊሊሴ ወሰደው። ሊሊሴ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፣ ፀጉሯን እኔ ነኝ የምሰራት፣ ስትሰራ ታነባለች። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ቁጭ ብላ እያነበበች ስትተረጉም ጨዋታ መሆኑ ገባን። አንዱ መሪ ሆኖ ይተርካል፣ ይዳኛልም፤ እሱ ፈየራ ሆነ። የቀረነው እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው እንሆናለን፤ ስሙን፣ ጉልበቱን፣ ዕቃውን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። "ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል መሪው፣ እንናገራለን፣ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይወስናል፣ ትልቅ ቁጥር ያሳካል፣ ትንሽ ቁጥር ያበላሻል። ተረትም ነው፣ ጠብም ነው። ሁለቱንም እወዳለሁ።

እሁድ ፀጉር ቤቴ ዝግ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ እንሰበሰብ ጀመር። ካርታችንን የሻምፖ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ሳልን። የኔ ሰው ወርቂት ትባላለች፣ ባለጦር፣ በቀይ ጥፍር ቀለም ጠርሙስ ነው የምትቆመው። የሊሊሴ ሰው ሐኪም ናት፣ ነጭ ጥፍር ቀለም። ሽፍቶቹ ፀጉር የምጠቀልልባቸው ቢጎዲኖች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ "እሺ እትዬ፣ ይቅላ እትዬ፣ አቃጠለዎት እንዴ እትዬ" ስል እውላለሁ፤ እሁድ ግን ወርቂት ድልድዩን ስትረግጥ ቢጎዲኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ ዘጠነኛን ያልጨረስኩ፣ ከኡኬ ገጠር የመጣሁ ልጅ ነኝ። እንደ ወርቂት ሆኜ ሰው የሚፈራኝ ቦታ ሌላ የለኝም።

ሦስተኛው ጫንያለው ነው። የሒሳብ መምህር፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ። "ወንድ ልጅ በጥፍር ቀለም አይቆምም" ብሎ የጠመኔ ቁራጭ አስቀመጠ። ጠመኔ ለወንድነት ምን እንደሚጨምር እሱ ያውቃል። ሁልጊዜ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚያወራ፦ "አንደኛ፣ ተሳስተሻል። ሁለተኛ፣ አንደኛውን ተመልከች።" አንድ ቀን ይሄንኑ አወራሩን ደንበኞቼ ፊት ሳስመስል ለካ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቶኝ ቢሞት ደስታው ነው።

አሁን ወደ ደንቡ። መጽሐፉ ውሃ ገብቶበት ነበርና አንዳንዱ ገጽ ተጣብቋል። አንድ ቀን ሊሊሴ አንድ ርዕስ አነበበችና "ውጊያ መሃል ስለሚወድቅ ዕቃ ይላል" አለች። ገጹን ልትገልጥ ብትሞክር እንደ እርጥብ ሶፍት እጇ ላይ ቀረ።

"ተይው" አላት ፈየራ። "እሱን እኔ አውቃለሁ።"

በሚቀጥለው እሁድ ካርቶን ላይ ጽፎ መጣ። መስታወቴ ጎን ሰቀለው፣ እስካሁን አለ። የመጀመሪያው፣ በውጊያ መሃል የወደቀ ዕቃ ቀድሞ ያነሳው ነው ይላል። ቀጥሎ፣ ሊያነሳ የጎነበሰ ሰው ተራው ያልቃል፣ አጠገቡ ያለ ጠላትም አንዴ በነጻ ይመታዋል። መጨረሻ ላይ በትልቁ፦ ካርታው ላይ የሌለ ዕቃ የለም። ከሥሩ በኦሮምኛ "ሂንጂሩ" ብሎ ደገመው፣ የለም ማለት ነው። መናኸሪያም ዕቃው መደርደሪያው ላይ ከሌለ ይቺኑ ነው የሚላት፣ አገጩን ወደ ላይ አንስቶ፦ "ሂንጂሩ!" አልቅሱ፣ ተንከባለሉ፣ ሂንጂሩ።

የወደቀውን ዕቃ በምን እናሳይ ስንል የቆሎ ሰሃኑ አለልን። የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ። ጦር ሲወድቅ ገብስ፣ ጋሻ ሲወድቅ ሽምብራ፣ ቢላ ሲወድቅ ሱፍ ካርታው ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ብልህ ነን ብለን ነበር።

አንድ ደንብ ደግሞ እኔው በገዛ አፌ ያስጨመርኩት አለ። ዋቅወያ የሚባል ባለባጃጅ አብሮን ይጫወት ነበር፣ ተራው ሲደርስ ያንኮራፋል። እሱን ላባርር ብዬ "ሰውየው የሞተበት ወንበሩን ይልቀቅ፣ እስከ ፋሲካ አይመለስ፣ ተረኛ ይግባ" አልኩ። ሁሉም እሺ አለ። ዋቅወያ በሁለተኛው እሁድ ሞተና ደስ ብሎት ቤቱ ሄዶ ተኛ። ፈየራ ቆይቶ ደግሞ ጨዋታው ለሦስት ይሻላል ብሎ የዋቅወያን ወንበር አነሳው፣ ወንበር የሚገኘው ከሦስታችን አንዱ ሲሞት ብቻ ሆነ። ይሄኔ በተረኝነት የተመዘገበችው ማን ናት? ፀጋ!

ፀጋ ማለት ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ናት። ደንበኞቼን በበር በበር የምትጠራ፣ "እዚያ ማዶ ፀጉር ያቃጥላሉ" እያለች። እሷ ናት እንግዲህ ወርቂት ከሞተች እኔ ፀጉር ቤት፣ እኔ ወንበር ላይ፣ እኔን አስነስታ የምትቀመጠው። ለሁለት ወር በየእሁዱ ሰማያዊ ፕላስቲክ በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች፣ ደጄ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ሞቴን ትጠብቃለች። ጥፍሯን እየሞረደች!

አንድ እሁድ የሆነው እንዲህ ነው። ዴዴሳ ድልድይ ላይ ነን፣ ካርታችን ላይ ባለው ዴዴሳ። ሽፍቶቹ አልቀዋል፣ አለቃቸው ጎፈሬው ብቻ ቀርቷል፣ ትልቁ ቢጫ ቢጎዲን። ወርቂት ቆስላለች፣ አንድ ምት ከጨመረባት አለቀላት። ጎፈሬውም ደክሟል፣ ጦሬ አንዴ ካገኘችው ይወድቃል። ዳይሱን ወረወርኩ።

አንድ።

"እጇን አላበው" አለ ፈየራ፣ በዚያ በአፍንጫው። "ጦሯ አመለጣት። ጠመኔው እግር ሥር ወደቀ።" ከቆሎው አንድ ገብስ መረጠና በጫንያለው ጠመኔና በቢጫው ቢጎዲን መሃል አስቀመጠ። በሩ ላይ የፀጋ ሞረድ ቀጥ አለ።

"የጫንያለው ተራ ነው" አለ ፈየራ። "ምን ታደርጋለህ?"

"ጫንያለው፣ ማሎ" አልኩት፤ እለምንሃለሁ ማለቴ ነው፣ እንደዚያ ወርጄ ለመንኩት። "በእግርህ ወደኔ ምታልኝ። መጎንበስ የለበትም፣ መመታት የለበትም።"

"ቆይ አንች፣ አትቸኩይ። ይታሰባል" አለ። ጣቱን አወጣ። "አንደኛ፣ ጦሯ ጥሩ ጦር ናት። ሁለተኛ፣ ለምን ለአንች እሰጣለሁ?" እጁ ወደ ቆሎው ሄደ፣ ወደ አፉ ተመለሰ። "ሦስተኛ፣ ካነሳኋት ይመታኛል።" ቆሎ፣ አፍ። "አራተኛ..." ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። እጁ ሄደ፣ ካርታው ላይ አረፈ፣ ወደ አፉ ተመለሰ። ቀጭ!

ሊሊሴ "ውይ!" አለች።

"ምን ሆናችሁ?" አለ ጫንያለው እያኘከ።

"ጦሬን በላኸው!" ተነሳሁ። "ትፋው! ትፋው፣ አንተ ሆዳም!"

"እኔ የበላሁት የሰሃኑን ነው።"

"አፍህን ክፈት" አለችው ሊሊሴ፣ እውነትም እንደ ነርስ። ከፈተ። ውጧል።

ፈየራ ካርታው ላይ አንገቱን አሰገገ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ከዚያ አገጩን አነሳ። መጣች፣ ወይኔ አልኩ።

"ሂንጂሩ።"

"እንዴት ሂንጂሩ? ሰሃን ሙሉ ገብስ አለ፣ አንድ አንሳና መልሰው!"

"ካርታው ላይ የሌለ ዕቃ የለም፣ አዴ ዘርፈሽ። ደንቡ ተጽፏል።"

"ተበላ እኮ! አይተሃል እኮ!"

"መናኸሪያም ሁሉም 'አይተሃል እኮ' ይላል።"

የፀጋ በርጩማ ሲንሸራተት ሰማሁ። የበሩን ደፍ አለፈች፣ ግማሽ እግሯ ቤቴ ውስጥ ነው። "እኔ ምንም አላልኩም፣ ቀጥሉ" አለች፣ ያን የማር ድምጿን አውጥታ። እሷን ሳይ ደሜ ፈላ። ያልተናገርኩትን ልናገር ነው አልኩና ተናገርኩ።

"ፈየራ፣ ያን ጥርስህን ያወለቀው ሰውዬ እጁ ይባረክ! ለስልክ ተጎንብሶ የተመታ ሰው ነው የኛ ዳኛ! አንተ ስለተመታህ እኛ ሁላችን እንመታ?"

ሊሊሴ ጉልበቴን በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ። ፈየራ አልጮኸም፣ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"ስልክ አልነበረም" አለ። "የሰውዬው ኮፍያ ነው። የምጣላው ሰውዬ ኮፍያው ወደቀበት። ጭቃ ነበር፣ ላነሳለት ጎነበስኩ። ከዚያ በጉልበቱ አፌን መትቶ አነሳኝ።" ዳይሱን እጁ ላይ አገላበጠው። "ጠብ ውስጥ ዕቃ ከወደቀ ተወው። የራስህንም፣ የሰውንም። ለዚህ ነው የጻፍኩት። አሁን ያንቺ ተራ ነው፣ ወርቂት ባዶ እጇን ናት።"

ያኔ ባዝንለት ጥሩ ሰው እባል ነበር። አላዘንኩም። ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ነበር። ዘጠነኛን ባልጨርስም ማንበብ እችላለሁ።

"ቆይ!" አልኩ። "የኔ ተራ አልደረሰም። መጀመሪያ የጫንያለውን ጨርስ።"

"ጫንያለው ምንም አላደረገም።"

"አላደረገም? ገብሱ በራሱ እግር አፉ ገባ?" እንደሱ ጣቴን አወጣሁ፣ ድምፁንም አወጣሁ፦ "አንደኛ፣ የወደቀ ዕቃ ቀድሞ ያነሳው ነው ይላል። ማን አነሳው? ጫንያለው። በምን? በእጁ። ሁለተኛ፣ ያነሳ ሰው ተራው ያልቃል፣ አጠገቡ ያለ ጠላት በነጻ ይመታዋል። አጠገቡ ማን አለ? ጎፈሬው!"

ሊሊሴ ሳቋ አመለጣት። ጫንያለው ቀላ። "ምን ዓይነት ሞኝነት ነው! የበላሁት እኔ ጫንያለው እንጅ ሰውየው አይደለም!"

ፈየራ ቀስ ብሎ ወደሱ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር በራ፣ መደርደሪያው ላይ የጠፋ ጃንጥላ ሲያገኝ እንደሚበራው። "ባለፈው ወር" አለ፣ "ጠመኔህን በክርንህ ገፍተህ ከገደሉ አራቅኸው። ሳትናገር ነው የነካኸው ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ?"

ጫንያለው የቆሎ ሰሃኑን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

"'የኔ እጅ የሰውየው እጅ ነው' ነው ያልከው" አለች ሊሊሴ።

"እንግዲህ ሰውየው አንስቷል" አለ ፈየራ። "ጎፈሬው ይመታል።" ዳይሱን ወረወረ። አስራ ሰባት። ጉዳቱን ቆጠረ፣ የጫንያለውን ወረቀት አየ፣ እንደገና ቆጠረ። ከዚያ በአንድ ጣቱ ጠመኔውን ገፋ አድርጎ አስተኛው።

"ሞተ" አለ። "የያዘው ሁሉ ይወድቃል።" ከሰሃኑ አዲስ ገብስ አነሳና ጠመኔው አጠገብ አስቀመጠ። ጦሬ ተመለሰች! ግን የት? ጎፈሬው አፍንጫ ሥር።

"አሁን ያንቺ ተራ ነው። ጎንበስ ብለሽ ታነሻለሽ?"

ብጎነበስ በነጻ ይመታኛል፣ አንድ ምት ደግሞ ሞቴ ነው። ያ ክፉ ሰው ይሄን እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ። ወርቂት ጦሯን አየች፣ እኔ ፀጋን አየሁ።

"አልጎነበስም። በባዶ እጄ ከድልድዩ እገፋዋለሁ።"

"አስራ ስምንትና ከዚያ በላይ ካላመጣሽ አይገፋም። ካልተገፋ ተራው የሱ ነው።"

ዳይሱን ተቀበልኩ፣ በእጄ ውስጥ አሞቅኩት፣ ለቀቅኩት። ልክ በዚያች ቅጽበት ጫንያለው በንዴት ብድግ ሲል ጭኑ ጠረጴዛውን መታው። ጠርሙሶቹ ተንኳኩ። ዳይሱ እየተንከባለለ ከጠረጴዛው ወደቀ፣ ካስኩ ወንበር ሥር ገባ። ቅዳሜ ሠርገኛ ነበረብኝ፣ ወለሉን አልጠረግኩም። የተቆረጠ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ።

"ይደገም!" አለ ጫንያለው። ወንበሩ ፊት ቆሟል፣ ጫማው ከዳይሱ አንድ ስንዝር አይርቅም። "ካርታው ላይ የሌለ የለም! ያንተ ደንብ ነው። ደግሞም የወደቀ ቀድሞ ላነሳው አይደል? እኔ ካነሳሁት ይዤው ነው የምሄድ፣ ከዚያ በቆሎአችሁ ተጫወቱ!"

እውነቱን ነው ያለው። ሌላ ዳይስ የለንም፣ ነቀምት ውስጥም አይገኝም።

"ደንቡ ስለ ዕቃ ነው" አለ ፈየራ። "ቁጥር ዕቃ አይደለም። የተወረወረ ተወርውሯል። ባረፈበት ይታያል።"

"ታዲያ ሂድና እየዋ!" አለ ጫንያለው። ክንዱን አጣመረ።

ፈየራ ወደ በሩ ዞረ። ዱላው በሩ ጎን ተደግፏል፣ ፀጋ አጠገብ። "ፀጋ፣ ዱላዬን አቀብይኝ።"

ፀጋ ዱላውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጥፍሯን አየች። "ምን አገባኝ? እኔ ገና አልገባሁም" አለች።

እኔ ልነሳ ስል ፈየራ በእጁ ከለከለኝ። "የወረወረ አያነብም።" ሊሊሴም አልቻለችም፣ ወንበሯ ግድግዳው ጋ ተጣብቋል፣ ለመውጣት ጠረጴዛው መነሳት አለበት። ቢነሳ ካርታው ይበተናል።

ፈየራ ተነሳ። ከጠረጴዛው ዞሮ ጫንያለው ፊት ቆመ። ጫንያለው ንቅንቅ አላለም፣ የአንገቱ ሥር በንዴት ይመታል። ከዚያ ፈየራ ሱሪውን በሁለት እጁ ከጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገ፣ ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ፊቱ ከጫንያለው ጉልበት ጋር እኩል ሆነ፣ ያ የጎደለው ጥርስ በትክክል ፊት ለፊቱ።

ጫንያለው ጉልበቱን አነቃነቀ። አየሁት። ሊሊሴም አይታለች። ከዚያ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ።

ፈየራ ወንበሩ ሥር አንገቱን አስገባ። የተቆረጠውን ፀጉር በጣቱ ገለጥ አደረገ። ዳይሱን ሳይነካ ረጅም ጊዜ አየው።

"አስራ ዘጠኝ" አለ ከዚያ ሥር ሆኖ።

ጮኽኩ! መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኽኩ። ቢጫውን ቢጎዲን ከሻምፖው ካርታ ላይ በመዳፌ ጠርጌ ዴዴሳ ከተትኩት። ፈየራ ዳይሱን ኪሱ ከቶ ተነሳ። ጉልበቱ ላይ የሙሽራ ፀጉር ተጣብቋል፣ አፍንጫው ላይ ደግሞ አቧራ። "አመሰግናለሁ" ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ማዪልን ካላችሁ እምላለሁ።

"ወለልሽን ጥረጊ" አለኝ። "የሰው ቤት አይመስልም።"

አፌን ዘጋሁ።

ሊሊሴ እስከ ዛሬ "ቁጥሩን አይተሻል?" እያለች ትነዘንዘኛለች። አላየሁም። ማንም አላየም። ግን ለእህቱ ነጠላ ያልዋሸ ሰው ለኔ የሚዋሽ ይመስላችኋል? አስራ ዘጠኝ ካለ አስራ ዘጠኝ ነው። የሚያናድደኝም ይሄው ነው፣ የማምነው ሰው እሱ መሆኑ።

ወንበሬ አልተነካም። ግን አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ጫንያለው ሞቷል። የሞተ ወንበሩን ይለቃል፣ ተረኛ ይገባል። ይሄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጫንያለው ጠመኔውን ኪሱ ከቶ፣ "እስከ ፋሲካ" ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። ፀጋ ሰማያዊ በርጩማዋን እየጎተተች መጣች፣ እኔ ጎን ቁጭ አለች፣ ክርኗ ክርኔን ነካው። ከቦርሳዋ የራሷን ጥፍር ቀለም አወጣች፣ ከኔ የበለጠ ቀይ።

"አዲስ ሰው ገብቷል" አለ ፈየራ በአፍንጫው። "ከወንዙ ማዶ የመጣች መንገደኛ ናት። ፀጋ፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

ፀጋ ካርታውን አየች። ጠርሙሷን ቀስ እያደረገች ድልድዩ ላይ ነዳች፣ ገብሱ አጠገብ አቆመች። እኔ በደስታዬ ጦሬን አላነሳሁም ነበር።

"ጎንበስ እላለሁ" አለች፣ ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል። "አጠገቤ ጠላት የለም አይደል?"

"የለም" አለ ፈየራ። "አንስተሻል።"

አሁን በየእሁዱ ወርቂት በዱላ ትዋጋለች፣ ፀጋ በጦሬ። እኔ ቆሎ ማቅረብ አቁሜያለሁ፣ የወደቀ ዕቃ በፀጉር መርፌ ነው የምናሳየው፣ እስቲ ይብሉት።

በዚያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ዕቃ ልቀበል መናኸሪያ ሄድኩ። ፈየራ በሩ ላይ ቆሞ የአንዱን ገበሬ ጃንጥላ ምልክት እየጠየቀ ይጽፋል። እስክሪብቶው ከእጁ አመለጠ፣ እግሩ ሥር ወደቀ። ቁልቁል አየው። ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ሲል እኔን አየ።

ከኪሱ ሌላ አወጣና መጻፉን ቀጠለ። እኔም አላነሳሁለትም።